ደስ የሚለው ፖዘቲቭ

«ዴቅ ትቶታል» አለች ፌኔት፣ ለለቅሶ የመጡት ሴቶች እንዳይሰሟት ወደ ዐምራን ጆሮ ተጠግታ። «አያገባሽም፤ ከወንዶቹ ድንኳን ነው የተሰማው።»

ዐምራን ሐዘንተኛ ናት፤ ባሏ ዐብዱልቃድር ትናንት ነው የተቀበረው። ይህን ስትሰማ ግን ልቧ በደስታ ዘለለ፤ ምን ታድርግ። ሬሳው ከቤት ሳይወጣ ነበር ስለ ዱማል መንሾካሾክ የተጀመረው፤ ባሏ የሞተባትን ሴት የሟቹ ወንድም የሚያገባበት የአገሩ ልማድ ነው። የሐዘን ወራቷን፣ ዒዳዋን፣ ሳትጨርስ የትዳር ነገር ማንሳት ነውር መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ሹክሹክታ ግን ነውር አያውቅም። የዐብዱልቃድር ወንድም ዴቅ ክፉ ሰው አይደለም። ሽንሌ ላይ ፍየል የሚነግድ፣ ሚስትና ልጆች ያሉት፣ ሰው የሚያከብረው ነው። እሷ ግን ጅግጅጋ ላይ የልብስ ስፌት ቤት አላት፣ ልጇ ኢክራን እዚሁ ትማራለች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዴቅን አትፈልገውም።

«ለምን ተወው?»

አጥር የምትጋራት ጎረቤቷ ፌኔት ዓይኗን ምንጣፉ ላይ ጣለች። «እህቱ ሙልኪ ነግራው ነው አሉ። ዐብዱልቃድር ፖዘቲቭ ነበር ብላ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ያወራውን እሷ የሰማችው መጨረሻ ላይ ነው። ዐምራን ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ሴቶቹ የምታለቅስ መስሏቸው ሶብር አድርጊ፣ ቻይው አሏት።

ዐብዱልቃድር የሐረር መንገድ ሚኒባስ ሹፌር ነበር። ከሰባት ዓመት በፊት የካራማራን ዳገት ሲወጣ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ መኪናውን ዳር እንዳስያዘ ራሱን ሳተ። ዘመድ ጂን ነው አለ፤ አዲስ አበባ ሲሄዱ ግን የጭንቅላት ዕጢ ሆኖ ተገኘ። ቀዶ ሕክምና ተደረገለትና ከዕጢው የተወሰደው ቁራጭ ለምርመራ ተላከ። ውጤቱ የደረሰ ዕለት ሐኪሟ ገና «ፖዘቲቭ ነው» ከማለቷ ዐብዱልቃድር ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ወላሂ ዶክተር፣ ከሚስቴ ሌላ ሴት አላውቅም።»

ሐኪሟ ግራ ገብቷት ዐምራንን አየች፤ ዐምራን ባሏን አየች። ነገሩ የገባት ጊዜ ሐኪሟ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

«የኤች አይ ቪ አይደለም። ዕጢው ላይ የምንፈልገው ምልክት አለ» አለች። «ምልክቱ የሌለበት ይከፋል፤ ብዙዎቹ ሁለት ዓመት አይሞላቸውም። ያለበት ቀስ እያለ ነው የሚያድገው። ይድናል አልልህም፣ ጊዜ ግን ይሰጥሃል። ያንተው አለበት። ይኼኛው ደስ የሚለው ፖዘቲቭ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ቃሉ የቤታቸው የምሥራች ሆነ። ዝናብ ሲመጣ ፖዘቲቭ፤ ኢክራን ስትወለድ ፖዘቲቭ። ለክትትል ሄዶ ዕጢው እንዳልጨመረ ሲነገረው ለዐምራን ይደውልና «እኔኮ ፖዘቲቭ ነኝ» እያለ ከት ብሎ ይስቃል። ሙልኪም በስልክ ሲያወራ የሰማችው ይህንኑ ነው። ዘመዶቹ ጭንቅላቱን መቀደዱን እንጂ ሌላውን አያውቁም፤ እናቱ እንዳትሰጋ ብሎ አያወራላቸውም ነበር።

አሁን ዐምራን ዝም ካለች ነፃ ናት። አንዲት ቃል ሳትናገር ከዱማሉ ወጣች። ዝም ልበል፣ አለች በልቧ፤ እሱም ቢኖር ይስቅ ነበር።

ሙልኪ ሻይ ይዛ ገባች። ለሴቶቹ ሁሉ በብርጭቆ አደለች፤ ለዐምራንና ለኢክራን ግን የሚጣል የወረቀት ኩባያ ሰጠቻቸው። ኢክራን የእኔ ለምን ብርጭቆ አይደለም ብላ ጠየቀች።

የዐምራን ደም ፈላ። ሰባት ዓመት ያስፈነደቃቸው ቃል የባሏ ማፈሪያ ሊሆን ነው። ወደ በሩ መጋረጃ ተጠግታ ዴቅን አስጠራችው።

«ዴቅ፣ ወንድምህ ፖዘቲቭ ነበር» አለች፣ ሴቶቹም እንዲሰሙ ድምጿን ከፍ አድርጋ። «ምልክቱ የተገኘው ግን ደሙ ውስጥ አይደለም፤ ጭንቅላቱ ውስጥ በነበረው ዕጢ ላይ ነው። ዕድሜ የሰጠው እሱ ነው። ያ ምልክት ባይኖርበት ኢክራንን ሳያያት ይሞት ነበር። ሐኪሟ ደስ የሚለው ፖዘቲቭ ነው ያለችን።»

ዴቅ ከመጋረጃው ወዲያ «እንግዲያው...» ብሎ ጉሮሮውን ሲጠርግ ዐምራን የሚከተለውን ዐወቀችው።

«ዱማሉን ደግሞ አልፈልግም። ዒዳዬ ሲያልቅም አልፈልግም። በሽታ ፈርተህ ሳይሆን እኔ እንቢ ስላልኩ ተወው።»

ደስታዋ ፊቷ ላይ እንዳይታይ ሻርፗን ወደ አፏ ሳበች።

«ቃልሽ ይበቃል፣ እህቴ» አለ ዴቅ። ድምፁ ተሰብሯል። «እኛ የማናውቀው ሰባት ዓመት ተመርቆልን ኖሯል።»

ሙልኪ ሁለቱን የወረቀት ኩባያዎች አንሥታ ወጣች። ትንሽ ቆይቶ ከወንዶቹ ድንኳን የዴቅ ድምፅ ተሰማ፤ ወንድሙ ፖዘቲቭ እንደነበር፣ ያውም ደስ የሚለው ፖዘቲቭ፣ ለተሰበሰበው ሰው ሁሉ እያለቀሰ ያስረዳል። ሽማግሌዎቹ ነገሩ ሳይገባቸው በአንድ ድምፅ ማሻአላህ አሉ።

ዐምራን ሳቋ መጣ። «ሰማህ?» ልትል ወደ ቀኟ፣ ዐብዱልቃድር ይቀመጥበት ወደነበረው ቦታ፣ ዘወር አለች። ከዚያ እጇን ባዶው ትራስ ላይ አሳረፈች፤ ሴቶቹ እስኪነሡም አላነሣችውም።