ኸይሩ ሲራመድ

«እግሩ ድኖ ነበር ወይ?» አለች እማ በስልኩ ውስጥ።

ሪሀና ስልኩን ከአንዱ ጆሮዋ ወደ ሌላው አዛወረችው። ግቢው ውስጥ በተዘረጋው ሸራ ሥር ወንዶቹ ቁርኣን ይቀራሉ። ሴቶቹ ክፍሉ ውስጥ ከመስጊድ በመጣ የፕላስቲክ ምንጣፍ ላይ፣ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ተቀምጠዋል። ስልኩ ሲጮህ ወሬያቸውን ዝቅ አድርገውላታል።

«ድኖ ነበር እማ።»

«እሱም እንደዚያ ነበር የሚለኝ። ድኗል፣ ድኗል። በስልክ እግር አይታይ።»

«በሁለቱም ይረግጥ ነበር።»

«አሳዪኝ እንግዲያ» አለች እማ። አታለቅስም። የገበያ ዕቃ እንደምታዝ ሆና ነው የምትናገረው። «ፎቶ አልፈልግም። ፎቶ ላይ ቆሞ ነው ያለው። የሰው ሰርግ ስትቀርጹ አይደል የምትውሉት? እሱ ሲራመድ የተቀረጸ አይጠፋም። ለሀይደር ላኪለት፣ ያሳየኛል።»

ሀይደር የአክስቷ ልጅ ነው፤ ወራቤ ላይ ኢንተርኔት ቤት ከፍቷል።

«እሺ እማ» አለች ሪሀና። እሺ ያለችው እምቢ የሚባልበት ቃል ስላጣች ነው።

ወንድሟ ኸይሩ የሞተው ትናንት ነው። በርበራ ሰርግ ቀርጾ ሲመለስ የተሳፈረበት መኪና ተገለበጠ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተቀበረ። ከወራቤ ሐርጌሳ ድረስ ያለውን መንገድ እናቱ ብትጀምረው እንኳ ሸራው ከተነሳ በኋላ ነበር የምትደርሰው። ልጇን ካየችው ስምንት ዓመት ሆኗታል። ያኔ ጢም አልነበረውም።

ኸይሩ ወደዚህ አገር የመጣው ለግንባታ ሥራ ነበር። ጦርነት ያፈረሳቸው ቤቶች እንደገና በሚሠሩበት ጊዜ መሐመድ ሞጌ ሰፈር ውስጥ ብሎኬት ይሸከም ነበር። አንድ ቀን ከመወጣጫው ላይ ወድቆ ግራ እግሩ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ብሎኬት ስላልሆነለት ሰርግ ለሚቀርጽ ሰው ገመድ ያዥ ሆነ፣ ቀጥሎም ካሜራ ያዥ፣ በመጨረሻ ጅግጅጋ ያር በሚባለው የሐርጌሳ ሰፈር ከአንድ ሱቅ በላይ ያለች ክፍል ተከራይቶ የራሱን ስቱዲዮ ከፈተ። ሰርጉን ቀርጾ፣ ቆርጦ፣ ለንደንና ኦስሎ ላሉ ዘመዶች በኢንተርኔት ይጭንላቸዋል። ሪሀናን ያኔ ነው ያስመጣት፤ የሴቶቹን ክፍል ሴት ብቻ ናት የምትቀርጸው።

ስልኩን ከዘጋች በኋላ የት የት ቦታ ሊኖር እንደሚችል አሰበች። የትም የለም። የቀራጭ ጥላ ምንጣፍ ላይ ካረፈ ይቆረጣል። መስታወት ውስጥ ከታየ ይቆረጣል። ድምፁ ከተሰማ ይጠፋል። ይህን ያስተማራት ራሱ ነው። ሃርድ ዲስኩ ስለማይበቃቸው ደግሞ ሥራው ተሠርቶ ሲያልቅ ያልተቆረጠውን ጥሬ ቅጂ ይሰርዙታል። ስንት ሰርግ ቀርጾ አንዱም ላይ የለም።

ከሰዓት በኋላ ኡባህ መጣች። ኡባህ የሐርጌሳ ልጅ ናት፤ በስደት ድሬዳዋ ስላደገች አማርኛዋ የድሬ ነው። ባለፈው ዓመት ሰርጓን የቀረጹት እነሪሀና ናቸው።

«ሳሚር ኢዮ ኢማን» አለች ለሴቶቹ ሁሉ፤ ሶማሌዎች ለሐዘንተኛ ትዕግሥትና እምነት የሚመኙበት ነው። ከዚያ ሪሀና አጠገብ ተቀመጠችና ሻይ እስኪቀርብላት ዝም አለች። ዝምታ ግን አይሆንላትም።

«አቦ ሪሀና፣ ትናንት ስሰማ ምን ትዝ እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ያ የኔ ሰርግ ዕለት።»

«የቱ?»

«አምፖሉ የፈነዳ ጊዜ ነዋ። ጨለማ ውስጥ ቀርተን፣ ወንድምሽ መብራቱን ይዞ ሊገባ ነው ሲሉ ሴቱ ሁሉ ምንጣፍ ሥር ሊገባ ምንም አልቀረው።»

ጥግ የተቀመጠችው ጎረቤቷ ሀፊዛ ፈገግ አለች። «ታዲያ ገባ?»

«ዓይኑን ጨፍኖ! አማቴ ራሕሞ በእጅጌው እየጎተተች አስገባችው። እንደ በግ። ግድግዳ ሊገጭ ሲል "ወደዚህ፣ ወደዚህ" እያለች። እኛ በሳቅ ሞትን፤ እሱ አንዴም ዓይኑን አልገለጠም።» ኡባህ ሻዩን አነሳች። «አላህ ይርሐመው። ጨዋ ነበር።»

ሪሀና ያን ዕለት ካሜራውን አላጠፋችም ነበር፤ መብራቱ ሲመጣ ቀለሙን ለማስተካከል ብላ ክፍት ትታዋለች። በኋላ ስትቆርጥ ያን ቦታ አውጥታ ጥላዋለች። ይሁን እንጂ የሴቶቹ ክፍል ጥሬ ካሴት ስቱዲዮ አይቀርም፤ ለሙሽራዋ ይሰጣል፣ ልማዱ ነው።

«ካሴቱ አለሽ?» አለቻት።

«የቱ ካሴት?»

«ትንሿ። ያልተቆረጠው።»

ኡባህ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ሪሀና እማ ያለችውን ነገረቻት። ስትጨርስ ኡባህ ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ አደረገች።

«እዚያ ላይ እኮ እኛ ነን ያለነው፤ በባዶ ራሳችን። አማቴ ቀሚሷን ሰብስባ ትጨፍራለች። ኢንተርኔት ላይ ይወጣል እያልሽኝ ነው።»

«እሱ ብቻ ነው የሚወጣው። ዙሪያውን ሁሉ እቆርጠዋለሁ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አጠገቤ ተቀመጪ፣ ከዚያ ካሴቱን ይዘሽ ትሄጃለሽ። ኮምፒዩተሩ ላይ የገባውንም ፊትሽ አጠፋዋለሁ።»

«አማቴን ልጠይቃት። እጇ እጅጌው ላይ ነው፤ እጇን ልትቆርጪው አትችይም።»

«አልችልም።»

በማግስቱ ጠዋት ኡባህ ካሴቱን በሻሽ ጠቅልላ አመጣችው። ራሕሞ ምን እንዳለች ሲጠይቋት እየሳቀች ተናገረች። «"እጄ ይታይ፤ ልጁን ማን እንዳስገባው እናቱ ትወቅ" ብላለች። ከእጇ በላይ ከታየ ግን ሁለታችንንም ትገድለናለች።»

ወደ ስቱዲዮው ሊሄዱ ሲወጡ በሩ ላይ ሙሐመድአወል ቆመው ነበር። በሐርጌሳ ያሉ የአገሯ ልጆች ጀመዓ ሽማግሌ ናቸው፤ ሸራውንም ያስተከሉት፣ ቀብሩንም ያስፈጸሙት እሳቸው ናቸው።

«ወዴት ነው? ለቅሶ ተቀምጠሽ?»

«ስቱዲዮ ነው ጋሼ። እማ ኸይሩን ማየት ትፈልጋለች።»

«ቪዲዮ» አሉ፣ ቃሉን ቀምሰው እንደተፉት ሁሉ። መቁጠሪያቸውን ጥቂት አንከባለሉ። «የእናት ሐቅ ነው። ሂጂ። ብቻሽን ግን አይሆንም፤ ሀፊዛ ትከተልሽ።»

ስቱዲዮው ተቆልፎ እንደነበር ነው። የኸይሩ ሸሚዝ ወንበሩ ላይ ተሰቅሏል። ሪሀና ሸሚዙን ሳታነሳ ሌላ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ካሴቱን ካሜራው ውስጥ ከትታ፣ ካሜራውን ከኮምፒዩተሩ ጋር አገናኝታ፣ ቦታውን ፈለገች።

ጨለማው መጣ፤ ከዚያ የሴቶች ጩኸትና ሳቅ። በሩ ተከፈተና ኸይሩ በራሱ መብራት ውስጥ ታየ። ሞቃቱን መብራት በጨርቅ ይዞ፣ ገመዱን ከኋላው እየጎተተ፣ ዓይኑን ጭምቅ አድርጎ ጨፍኗል። የአሮጊት እጅ እጅጌውን ይዛ ታስኬደዋለች። ክፍሉን አቋርጦ መቆሚያው ጋ ደረሰ፤ መብራቱን በዳሰሳ አጠበቀውና ፊቱን ወደ ብርሃኑ እንዳዞረ ጠየቀ።

«ሪሀና፣ በራ?»

«በራ። በቃ ውጣ!» አለ የሪሀና ድምፅ ከካሜራው ጀርባ።

ዞሮ ወጣ። ከበሩ ጋር ተጋጨ። ሳቁ ከሱ ኋላ ቀረ።

 ሀፊዛ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ሪሀና አንድ ጊዜ ብቻ አየችው፤ ከዚያ መቁረጥ ጀመረች።

ሀይደር በስልክ አስጠንቅቋታል። የወራቤው መስመር ትልቅ ፋይል አይችልም፣ መሐል ላይ ይበጠሳል። ስለዚህ ከካሴቱ የገባውን በጣም ማሳነስ ነበረባት። የምስሉን ስፋት እንዳለ ትታ ለያንዳንዱ ሰከንድ የሚመደበውን የፋይል ቦታ ዝቅ አደረገችና ፕሮግራሙን አስጀመረችው። ፋይሉ ትንሽ ሆኖ ወጣ። ከፈተችው።

ግድግዳው ጥሩ ነው። መጋረጃው ጥሩ ነው። ኸይሩ ሲቆም ፊቱም ጥሩ ነው። ሲራመድ ግን ከወገቡ በታች ወደ ካሬ ካሬ ይፈራርሳል። ሁለት እግር ሳይሆን ግራጫ ነገር ነው ክፍሉን የሚያቋርጠው።

«ይሄ ይሻላል» አለች ሀፊዛ ቀስ ብላ።

«ምኑ?»

«ማነከሱ አይታይም። እናትሽ ድኗል ብላ እንድትቀመጥ ነው። አሁን ብታውቅ ምን ይጠቅማታል?»

ኡባህ ወደ ሪሀና አየች።

እውነት ነው፤ ኸይሩ ትንሽ ያነክስ ነበር። ሲደክመው ይብስበታል። እማ ስትደውል ተነስቶ በክፍሉ ውስጥ እየተንጎራደደ ነበር የሚያወራት፤ መራመዱ በስልክ የሚሰማ ይመስል።

ሪሀና የፈራረሰውን ምስል አቁማ አየችው። ኸይሩ ይህን ሥራ ያስተማራት ጀርባውን ለስክሪኑ ሰጥቶ ነበር። የሴቶቹን ክፍል ማየት ስለማይችል ግድግዳውን እያየ ይቀመጥና ይጠይቃታል። «ምን ይታይሻል?» «ካሬ ካሬ ነው።» «የት ላይ?» «የሚጨፍሩት ላይ።» «አየሽ፣ የቆመ ነገር ቦታ አይበላም። ፕሮግራሙ ግድግዳውን አንዴ ካስቀመጠ፣ ቀጥሎ "እንደ ቅድሙ ነው" ብሎ ያልፈዋል። ቦታ የሚበላው የሚንቀሳቀሰው ነው። ድርሻው ሲያንስ መጀመሪያ የሚበላሸውም እሱ ነው።» «ታዲያ ምን ላድርግ?» «ምስሉን አሳንሺው። ትልቅ ሆኖ ከሚቆሽሽ ትንሽ ሆኖ ንጹሕ ይሁን። ሁለት ጊዜ እንዲያልፍበት አድርጊ፤ መጀመሪያ ዝም ብሎ ሁሉን ይይ፣ የት የት ብዙ እንደሚያስፈልግ ይወቅ፣ በሁለተኛው ይጻፍ። እና የታመቀውን መልሰሽ አታምቂ። ሁልጊዜ ከጥሬው ጀምሪ።» ግድግዳውን እያየ ይህን ሁሉ ሲናገር ክፍል ውስጥ እንደተቀጣ ተማሪ ነበር የሚመስለው፤ ሪሀና ደግሞ በእጇ ሳቋን ትሸፍን ነበር።

«የጠየቀችው እግሩን ነው» አለች ሀፊዛን። «እግሩን ደብቄ ምን እልክላታለሁ?»

የፈራረሰውን ምስል ሰርዛ እንደገና ከጥሬው ጀመረች። ሴቶቹ ያሉበትን ወገን ሁሉ ከርክማ ኸይሩን፣ የራሕሞን እጅና መንገዱን ብቻ አስቀረች። ስፋቱን በግማሽ አሳነሰች። ድምፁን ወደ አንድ መስመር አወረደችው። በሥራው ደንብ የራሷ ድምፅ መቆረጥ ነበረበት። «በቃ ውጣ» የሚለው ላይ ስትደርስ እጇ ማውሱ ላይ ቆየ። ድምፁ ብዙ ቦታ አይበላም። ተወችው። ሁለት ጊዜ እንዲያልፍ አዘዘችና ጠበቁ።

የወጣው የመዳፍ ያህል ነው፤ ግን ንጹሕ ነው። ግራው ሲረግጥ ትከሻው ትንሽ ወረድ ይላል፣ ከዚያ ቀኙ ይቀበለዋል። ኡባህ ፊቷን ወደ ስክሪኑ አስጠግታ ደጋግማ ፈተሸችው።

«የአማቴ አምባር ብቻ ነው የሚታየው» አለች። «ላኪው።»

ሊንኩ ያለው ብቻ እንዲያየው አድርጋ ጫነችው። መስመሩ አንዴ ተቋረጠ፤ እንደገና ጀመረችው፤ አለፈ። ከዚያ ቃል እንደገባችው ከካሴቱ የገባውን ሁሉ ኡባህ እያየች ሰረዘች፣ ካሴቱን እስከ መጀመሪያው አጠንጥና መለሰችላት።

በሦስተኛው ቀን ወንዶቹ ሸራውን ሲያወርዱ እማ ደወለች።

«አየሁት» አለች።  ከኋላዋ የሀይደር ኢንተርኔት ቤት ጫጫታ ይሰማል። «ያነክሳል።»

«ትንሽ እማ።»

«ቀኙ ላይ ነው የሚጥለው።»

«አዎ።»

«ግን ይረግጣል።»

«ይረግጣል።»

«ድኗል ብሎኝ ነበር፤ ውሸታም» አለች እማ፤ የመጨረሻው ቃል ላይ ድምፇ ቀጠነ። ከዚያ ጠየቀች። «ዓይኑን ምን ሆኖ ነው?»

«ሴቶች ነበሩበት። እንዳያይ ነው።»

እማ በአፍንጫዋ አጭር ትንፋሽ አወጣች፤ ሳቅ ይመስላል። «ያቺ እጅስ የማን ናት?»

«የሙሽራዋ አማት ናት።»

«አላህ ይጠብቃት። ደህና አድርጋ ይዛዋለች።» ከዚያ ከስልኩ ራቅ ብላ «ሀይደር፣ እስቲ ድገመው» ስትል ተሰማ።

ከቀናት በኋላ ሪሀና ስቱዲዮውን ከፈተች። ጋአን ሊባህ ሰፈር ውስጥ ሰርግ ነበር፤ የሴቶቹን ክፍል እሷ ትቀርጻለች፣ የወንዶቹን ሌላ ሰው ተገኝቷል። ሸሚዙን ከወንበሩ አንስታ አጠፈችው። ቦርሳው ውስጥ ካሜራውን ከተተች፣ ገመዱን ጠቀለለች። መብራቱ የተመለሰው ከአደጋው መኪና ውስጥ ነው፤ መሥራቱን ማየት ነበረባት። መቆሚያው ላይ አጠበቀችው፣ ሰካችው፣ ፊቷን ወደ እሱ አዞረችና ዓይኗን ጨፈነች።

ማብሪያውን ስትጫን ከዓይኗ ቆብ ሥር ሁሉም ነገር ቀላ። ሙቀቱም ግንባሯ ላይ አረፈ። ዓይን ሳይገለጥ ይታወቃል። ያኔም ኸይሩ «በራ?» ብሎ ሳይጠይቃት ያውቅ ነበር ማለት ነው።

«በራ» አለች ሪሀና።

 መብራቱን አላጠፋችውም።