ተራራው የተቀመጠ ዕለት

የጎርባ ተራራ ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ተቀመጠ። አልፈነዳም፤ ጭስም አልወጣውም። ብዙ ዘመን ቆሞ እንደ ኖረ ሰው ጉልበቱን አጥፎ፣ ጎኑን ወደ ምሥራቅ ለቀቅ አድርጎ፣ ዝም ብሎ ተቀመጠ።

ቀያሿ ስንዱ መሣሪያዋን ተክላ እያየች ነበር። የተራራው ጫፍ በገዛ ክብደቱ በየዓመቱ ሁለት ጣት ዝቅ ሲል፣ ጎኑም ያንኑ ያህል ሲያብጥ፣ አሥራ አንድ ዓመት ለክታለች። በዚያ ቀን መቶ አርባ ሜትር ዝቅ አለ። መዘገበችና ደግማ ለካች። ልክ ነበር።

ጎኑ ላይ የነበሩት አርባ ቤቶች ከነአጥራቸው ተንሸራተው ወረዱ። እትዬ ብርቄ የተባሉ ባልቴት ምስር ወጥ እያማሰሉ ነበር፤ አንዲት ጠብታ እንኳ አልፈሰሰባቸውም። በራቸውን ሲከፍቱ በታችኛው መንደር ከምትኖረው ታናሽ እህታቸው ደጅ ደርሰዋል።

«ምነው፣ በደህና?» አለች እህትየው።

«ተራራው አመጣኝ።»

«እሰይ! ስንት ዓመት ነይ ስልሽ ዳገቱን ፈርተሽ። ግቢ።»

ችግሩ ትምህርት ቤቱ ነበር። ሁለቱ መንደሮች፣ የላይኛውና የታችኛው፣ ከተራራው ግርጌ ስድስት ዓመት ለፍተው የሠሩት ነው። ተራራው ደግሞ እግሩን እየዘረጋ ነበርና፣ በስንዱ ስሌት ኀሙስ ከሰዓት ይደርስበታል። ስንዱ ወደ ተራራው ሄደች።

«አባባ ጎርባ፣ እግርዎን ሰብሰብ ያደርጉልን?»

«ደከመኝ፣ ልጄ» አለ ተራራው። ድምፁ ከጫማዋ ሥር ነበር የመጣው። «ራስን መሸከም እንዲህ ይከብዳል ያለኝ የለም።»

«እናግዝዎት?»

ተራራው ጥቂት አሰበ። «ከአናቴ ትንሽ ብታነሡልኝ።»

ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ጥሩንባ ተነፋ፤ ሁለቱም መንደሮች ለደቦ ወጡ። የተራራውን አናት ጥቁር ድንጋይ እየተቀባበሉ፣ እየዘፈኑ አወረዱት። ተራራውም አዝማቹን ይቀበል ነበር፤ ሁልጊዜ ግን አንድ ቤት ይዘገያል። ስንዱ በየሰዓቱ ለካች። ኀሙስ ስድስት ሰዓት ላይ እግሩ ከትምህርት ቤቱ አጥር አራት ክንድ ሲቀረው ቆመ፤ ከዚያ በጨዋ ደንብ ሰብሰብ አለ። ስንዱ መዝገቧን ጥላ እልል አለች።

ድንጋዩን ከመጣል ብሎ ሁሉም ወደየግቢው ወሰደው። አንዱ አጥር አጠረበት፤ ሌላው መደብ ሠራበት።

አርብ ጠዋት ስንዱ ለልማዷ ያህል ግቢዋ ያለውን የራሷን የድንጋይ ክምር ለካች። ጥቂት ከፍ አለ፤ ጥቂት ዝቅ አለ። መሣሪያዋን ወደ መንደሩ አዞረች። በየግቢው ያለው ድንጋይ ሁሉ፣ እንደ ተኛ ሰው ደረት፣ እኩል ከፍ ዝቅ ይል ነበር።