በወፍጮ ቤት የተመረጠው ማዳመጫ

ምክር የሚሰጥ ሰው ከምክሩ የሚያተርፈው ነገር ካለ ምክሩ ምክር መሆኑ ቀርቶ ወጥመድ ይሆናል። የሥራ መሣሪያም ውበቱ ታይቶ ሳይሆን በሥራው ሁካታ መካከል ተፈትኖ ይመረጣል። እነዚህን ሁለት እውነቶች በ1996 ዓ.ም. ሰቆጣ ላይ የሆነው ነገር አጣምሮ ያስረዳል።

የወይዘሮ እታገኝ ልጅ ውባንቺ አዲስ አበባ ውስጥ አውሮፕላን ማብረር ትማር ነበር። ትምህርቷ ሁሉ ሲሰምርላት አንድ ነገር ብቻ አስቸገራት። በመለማመጃው አውሮፕላን ውስጥ የሞተሩ ጩኸት እያየለባት፣ ከመቆጣጠሪያ ማማው በሬዲዮ የሚተላለፍላትን ትእዛዝ አጥርታ መስማት አልቻለችም። ተማሪዎች እየተቀባበሉ የሚያደርጉት የጆሮ ማዳመጫ ትራሱ አልቆ ከሹሩባዋ ጋር አልገጥም ብሏታል። ለዕረፍት ወደ አገሯ ስትነሣ አሰልጣኟ፣ «የራስሽን ማዳመጫ ይዘሽ ተመለሺ። በሚመጣው ፈተና ትእዛዝ ይደገምልኝ ካልሽ ብቻሽን እንድትበሪ አልፈቅድም» ብሎ አስጠነቀቃት።

ዱባይ በሥራ ላይ የነበረው ወንድሟ ተስፋው ይህን በሰማ ጊዜ ከሚያውቀው ነጋዴ ሁለት ማዳመጫዎች በአደራ ተቀብሎ ላከላት፤ አንዱን መርጣ ሌላውን ልትመልስ። ዕቃውን ሰቆጣ ላይ የተረከበው የእናቷ ወንድም አቶ አንዷለም ነበር። አንዷለም የናፍጣ ወፍጮ ያለው፣ ጾም የማያጓድል፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው። ነገር ግን ዘመኑን በሞተር አጠገብ ስላሳለፈ ጆሮው ደክሟል፤ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ሳይቀር ወንዝ ማዶ እንዳለ ሁሉ እየጮኸ ያነጋግራል።

ውባንቺ ልትመለስ አንድ ቀን ሲቀራት ሁለቱን ሣጥኖች ተሸክሞ ቤታቸው ገባ።

«አብራሪዋ! ይኸውልሽ፣ ገና ትናንት ደረሰ። እጄ አልነካውም፤ እንደ ታሸገ ነው!» አለ፣ ግድግዳው እስኪነዝር።

አንደኛው ማዳመጫ ቀላልና እንደ ብር የሚያብረቀርቅ ነው። ሁለተኛው አረንጓዴ፣ ከባድ፣ ትራሱ የወፈረ፣ ለዓይን የማይማርክ ነው። ውባንቺ እያፈራረቀች ራሷ ላይ አደረገቻቸው፤ ጸጥ ባለው ቤት ውስጥ ግን ልዩነታቸው አልታወቅ አላት።

«ምን ታመነቻለሽ?» አለ አንዷለም። «አረንጓዴው እኮ የበሬ ቀንበር ነው። የሚያብረቀርቀውን ያዢ፤ ቀንበሩን እኔ እመልስልሻለሁ።»

«እውነቱን ነው፣ አንገትሽን ይሰብረዋል» አለች እናቷ። «ይኼኛው ያምርብሻል፣ ልጄ።»

«እማ፣ ሰማይ ላይ ማን ሊያየኝ ነው?» አለች ውባንቺ እየሳቀች። ጥቂት አሰበችና ወደ አጎቷ ዞረች። «አጎቴ፣ የእርስዎ ወፍጮ ጩኸቱ ከእኛ አውሮፕላን የሚተናነስ አይደለም። እዚያ ወስጄ ልፈትናቸው።»

የአንዷለም ድምፅ በድንገት ዝቅ አለ። «ዛሬማ አይሆንም። ገብርኤል ነው። ወፍጮው ዝግ ነው።»

«ገብርኤል ዛሬ ነው እንዴ?» አለች እናቷ ግራ ተጋብታ።

«ቀኑን መቁጠር ተውሽ እንዴ፣ እታገኝ? በበዓሉ ቀን ሞተር አስነሥቼ ልቀሠፍልሽ?» ብሎ ተነሣና ወጣ።

ወይዘሮ እታገኝ አፍራ ወደ ጓዳ ገባች። ውባንቺ ግን በማግስቱ ማለዳ አውቶቡስ የምትሳፈር በመሆኗ ለመጠበቅ ጊዜ አልነበራትም። ሁለቱን ማዳመጫዎች ይዛ፣ በዓላትን ከሁሉ አጥርተው ወደሚያውቁት ወደ መሪጌታ ገብረ ጻድቅ ሄደች። ሽማግሌው ነገሩን ሰምተው መቋሚያቸውን አነሡ፤ አብረውም ወደ ወፍጮ ቤቱ ወረዱ።

በተዘጋው በር ፊት እህል የያዙ ሴቶች ቆመው ይነጫነጫሉ። አንዷለም ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ከአበርገሌ ቆላ ቀይ ማሽላ በአህያ ጭና የመጣችው ወለተ ገብርኤል ወገቧን ይዛ ትሞግተዋለች።

«አቶ አንዷለም፣ ገብርኤል ዛሬ ከመጣ ነገ ማን ሊመጣ ነው?» አለችው። ከዚያም ለጓደኞቿ በአገውኛ ቋንቋቸው በኽምጣንጋ አንድ ነገር ጣል አደረገች፤ ሴቶቹ በሣቅ ፈረሱ።

መሪጌታ ቀረብ አሉ። «ዛሬ ዐሥራ ስምንት ነው፣ አንዷለም። ሊቀ መላእክቱ አልቸኮለም፤ አንተን ምን አስቸኮለህ?»

«የኔታ፣ እኔ እንኳ ዋዜማውን ላክብር ብዬ ነው።»

«ዋዜማ የሚከበረው በማሕሌት እንጂ በቁልፍ አይደለም። ክፈት!»

በሩ ተከፈተ፤ ሞተሩም ተነሥቶ እህል ሳይገባበት ያጓራ ጀመር። ውባንቺ ደጃፉ ላይ ቆማ መጀመሪያ የሚያብረቀርቀውን አደረገች። ጩኸቱ በስሱ ትራስና በሹሩባዋ መካከል ሾልኮ እንዳለ ገባ። ቀጥላ አረንጓዴውን አደረገች። ወፍራሙ ትራስ በጉንጉኑ ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ፤ የሞተሩም ጩኸት ተራራ የተሻገረ ያህል ራቀ። ፊቷ በራ። ማዳመጫውን አውልቃ ሞተሩ እንዲጠፋ በእጇ አመለከተች።

«ይኼ ነው!» አለች። «የማማው ድምፅ በሽቦ ውስጥ ይመጣልኛል። እኔ የምፈልገው ሞተሩን ውጭ የሚያስቀርልኝን ነው።»

ወለተ ገብርኤል ትኩር ብላ አየቻት። «እሱስ መልካም። ጉንጭሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

ውባንቺ ጉንጯን ዳበሰች፤ ጣቷ ቀላ። የአረንጓዴውን ማዳመጫ ትራስ ገለጥ ብታደርገው፣ በእጥፋቱ ውስጥ ከላብ ጋር የተጋገረ የቀይ ማሽላ ዱቄት ተገኘ። የሌላውን ገለጠች፤ ንጹሕ ነው።

«እንግዲህ በዱባይም ማሽላ ያስፈጫሉ ማለት ነው» አለች ወለተ ገብርኤል። «ባለወፍጮውስ ይኸው የኛው ሰው ይመስላል!»

ሣቁ እንደገና ፈነዳ። መሪጌታ ግን አልሣቁም። «እጄ አልነካውም ብለህ አልነበረም?»

አንዷለም መሬት መሬት እያየ መለሰ። «እጄስ ነክቶታል፣ የኔታ። ዕቃው ከደረሰ ሰንብቷል። እንዲያው ልሞክረው ብዬ ሞተሩ አጠገብ ባደርገው ዓለም ዝም አለልኝ። እንዲህ ያለ ዝምታ እንዳለ ረስቼው ነበር። ከዚያ ወዲያ ማውለቅ አቃተኝ። እሷ ያኛውን ከያዘች፣ ይኼንን መንገድ ላይ ጠፋ እላለሁ ብዬ ነበር።»

«ጠፋ ቢሉ ባለአደራው ወንድሜ አይደለም እንዴ የሚጠየቀው?» አለች ውባንቺ።

«እሱን አላሰብሁትም።»

«ምኞት ሲገባ የሚወጣው ሐሳብ ነው» አሉ መሪጌታ።

አንዳንድ አንባቢ ለደከመው ጆሮ ይራራ ይሆናል። መራራት ይገባል። ነገር ግን ዝምታን የፈለገ ሰው «እኔም እንዲህ ያለ ይላክልኝ» ብሎ መለመን ይችል ነበር፤ ተስፋውም እምቢ ባላለው። አንዷለም ከመለመን መዋሸትን፣ ከመዋሸትም ቅዱስ መልአክን ለውሸቱ ምስክር መጥራትን መረጠ።

ውባንቺ አረንጓዴውን ይዛ ተመለሰች። በፈተናዋ አንዲት ትእዛዝ እንኳ ይደገምልኝ ሳትል ጨረሰች፤ ብቻዋንም በረረች። እናቷ ዜናውን በስልክ ስትሰማ «ቀንበሩስ አንገትሽን አልሰበረውም?» ብላ ጠየቀች፤ ሁለቱም እስኪያለቅሱ ሣቁ።

ሽማግሌዎች በሰንበቴው ተሰብስበው በአንዷለም ላይ ፈረዱ። የሚያብረቀርቀውን ማዳመጫ በራሱ ወጪ ወደ ዱባይ እንዲመልስ፣ እኅቱንና ልጇን በጉባኤ ፊት ይቅርታ እንዲጠይቅ፣ ገብርኤልን ያለ ቀኑ ስለ ጠራውም ለአንድ ዓመት በየወሩ በዋዜማው ዕለት የድሆችን እህል ያለ ዋጋ እንዲፈጭ ወሰኑበት። በዚያ ዕለት ጆሮውን በጥጥ መወተፍ ተፈቅዶለታል፤ ሌላ ነገር ራሱ ላይ መጫን ግን ተከልክሏል። አንዷለም የተፈረደበትን ዓመት ሙሉ ፈጨ፤ የመጀመሪያውም እህል የወለተ ገብርኤል ማሽላ ነበር።