የፀጉር ቤቱ አሥራ ሁለት ራሶች

ከዚህ በታች ከምጽፈው ውስጥ አንዲት ቃል ጨምሬ ከሆነ፣ ይቺ ብዕር የያዘች እጄ እንጨት ትሁን። ቀንሼ ከሆነ ግን ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ትሕትና አለብኝ፣ በሱም ብዙ ተጎድቻለሁ።

በአሥራ አምስት ዓመቴ የሳልኩት ሥራ እስካለፈው ቅዳሜ ድረስ የሰፈራችን ፀጉር ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ሥራ ስላችሁ ደብተር ላይ የተሞነጫጨረ ነገር እንዳይመስላችሁ። በር የሚያህል ጣውላ ነው፤ በዘይት ቀለም የተሳሉ አሥራ ሁለት የወንድ ራሶች አሉበት፤ ከእያንዳንዱ ራስ ሥር ቁጥር ተጽፏል። ደንበኛው ወንበሩ ላይ ይቀመጥና "ሰባት ቁጥር" ይላል፤ ፀጉር አስተካካዩ ሰባት ቁጥርን እያየ ይቆርጣል። በኋላ ሚኒስትር የሆነ ሰው አራት ቁጥርን ተቆርጦ ነው ከሰፈራችን የወጣው። ዘጠኝ ቁጥርን ብለው ከሌላ ከተማ የሚመጡ ሙሽሮች ነበሩ። አንዱ እንዲያውም በአውሮፕላን መጥቷል ይባላል፤ እኔ ግን ያላረጋገጥኩትን አልጽፍም።

ሌላም ነገር አለ። አሥራ ሁለቱም ራሶች ፀጉራቸው የተከፈለው በቀኝ በኩል ነው። ያኔ የሰፈሩ ወንድ ሁሉ በግራ ነበር የሚከፍለው፤ እኔ በመስታወት እያየሁ ስለሳልኩ ግራው ቀኝ ሆኖ ወጣ። ፀጉር አስተካካዩም ሥዕሉን እያየ እንደወረደ ቆረጠው። ዓመት ሳይሞላ ሰፈሩ በሙሉ በቀኝ ከፋይ ሆኖ አረፈው። ሚስቶች መንገድ ላይ ባሎቻቸውን አላወቋቸውም። የአንድ ትውልድ ፀጉር በአንድ ብሩሽ ያዞረ ሌላ ሰው ካለ ይምጣና እንተያይ።

እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ የት እንደሚሠራ ብነግራችሁ ታዝናላችሁ። ባነር ማተሚያ ቤት ነው፣ ምድር ቤት፣ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ። ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ያቃስታል፤ እኔ ጥቅልሉን አጎርሰዋለሁ፣ እሱ የሌላ ሰው ፊት ይተፋል። የቀለሙ ሽታ ከሸሚዜ አልፎ እንቅልፌ ውስጥ ገብቷል። አለቃዬ "አርቲስቱ" እያለ ነው የሚጠራኝ። አርቲስቱ፣ ቀለም አለቀ። አርቲስቱ፣ ጥቅልሉ ተጣመመ። ይሄኔ ልጆቹ ይስቃሉ፤ እኔ እዚያ ክፍል ስገባ ገና ያልተወለዱ ልጆች። ፎቅ ላይ ያለው የዲዛይን ክፍል ሁለት ትልልቅ መስኮቶች አሉት። ወደዚያ አዛውሩኝ ብዬ ያልጠየቅኩበት ዓመት የለም፤ አለቃዬም በእጅህ የሠራኸውን አንድ ነገር አሳየኝና ነገውኑ ትወጣለህ ይለኛል። ጣውላ ተሸክሜ አልሄድ ነገር።

ታዲያ አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ሳልፍ ፀጉር አስተካካዩ ከበሩ ላይ ጠራኝ። በሌለበት መላጣው እንለዋለን፤ ፊት ለፊት ግን ጋሼ ነው። የራሱ ፀጉር የሌለው ሰው የሰው ፀጉር እንዴት እንደሚያምነው ይገርመኛል። አርጅቻለሁ፣ ቤቱን ልዘጋ ነው አለኝ። በእጅ የተሳሉ የሱቅ ማስታወቂያዎችን የምትሰበስብ ሴት ቅዳሜ መጥታ ጣውላውን ለኤግዚቢሽን ትወስደዋለች፤ ከሥሩ ለመጻፍም የሰዓሊውን ስም ትፈልጋለች። "ቤት ስትገባ ንገር" ብሎ ደጋግሞ አደራ አለኝ። ሸሚዜ ይተኮስ ማለቱ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ።

ቤት ታላቅ እህቴ አለች። ከባሏ ከተለያየች ጀምሮ የኋላው ክፍል ውስጥ ሆና የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ትሰፋለች። ያኔ ከትምህርት ቤት መልስ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ስስል እየመጣች ብሩሼን ታጥብልኝ ነበር፤ ውለታዋን አልክድም። የሰማሁትን ስነግራት የስፌት መኪናዋን አቆመችና ስንት ሰዓት ነው የምትመጣው አለችኝ። አንቺ ምን አስጨነቀሽ፣ እትዬ፣ ይሄ ሁሉ ዩኒፎርም ተቆልሎ አልኳት። ትንሽ ቆይታ መኪናዋ እንደገና መንቀጥቀጥ ጀመረች። እኔ ደግሞ በማግስቱ ማተሚያ ቤቱን በሙሉ ወደ ኤግዚቢሽኑ ጋበዝኩ። አለቃዬ እንኳ መጥቼ ስምህን በዓይኔ ካየሁ እቃህን ራሴ ተሸክሜ ፎቅ አወጣልሃለሁ አለ፤ ምስክር ባለበት።

ቅዳሜ የነበረኝ እቅድ የጦር አዛዥ እቅድ ነው። ትልቅ ሰው ሄዶ ራሱን አያስተዋውቅም፤ ያገኙታል። ስለዚህ ሴትዮዋ ስትገባ ጣውላው ሥር ወንበሩ ላይ ጋደም ብዬ፣ በግዴለሽነት ጢሜን ስላጭ መገኘት አለብኝ። ሆነም። ጨርቁ አንገቴ ላይ ታስሯል፣ እጆቼ ከጨርቁ ሥር ናቸው፣ ግማሽ ፊቴ አረፋ ነው፣ ወንበሩ ወደ ኋላ ተለጥጧል፣ ምላጩ ጉሮሮዬ ላይ ነው። በዚያች ቅጽበት ገባች። እቅዴ እስከዚህ ድረስ እንከን አልነበረውም።

ወጣት ናት፣ መነጽር አድርጋለች፣ ሜትር ይዛለች። ሰላም ብላን ጣውላው ፊት ቆመች፤ ቆማም ቀረች። እኔም ሌላ የምሠራው ስላልነበረኝ በመስታወቱ ውስጥ አየሁት። ከስንት ዘመን በኋላ ነው መሰላችሁ፤ በየሳምንቱ ከሥሩ እየተቀመጥኩ አላየሁትም ነበር። የሦስት ቁጥርን ጉንጭ እርጥበት አሳብጦታል። የአሥራ አንድ ቁጥር አንድ ዓይን በሳሙና ታጥቦ ሄዷል። የገረመኝ ግን አንዳቸውም ፈገግ አለማለታቸው ነው። አንገታቸው ደርቋል፤ የሚያዩት እኛን ሳይሆን ከእኛ ጀርባ ያለ የሆነ ነገር ነው። ይበቃሃል፣ ውረድ እስኪባሉ የሚጠብቁ ይመስላሉ። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ይህን ከየት እንዳመጣው እንጃ።

የዚህ ሥራ ባለቤት ፊትሽ ተጋድሟል አልኳት። ደስ አላት፣ እንኳን አገኘሁዎት አለችኝ፣ ወረቀት አወጣች። እኔም አወራሁላት። ሚኒስትሩን፣ ሙሽሮቹን፣ ያልተረጋገጠውን አውሮፕላን ጭምር። ቀለሙን ራሴ ከጥላሸት ቀምሜ እንዳዘጋጀሁ፣ ብሩሹን ከገዛ ፀጉሬ እንደሠራሁ ነገርኳት። ትጽፋለች። ጋሼ አገጬን ይላጫል።

አሥራ ሁለቱም አንድ ልጅ ይመስላሉ አለች።

ትልቅ ሰዓሊ ሁልጊዜ የሚስለው ራሱን ነው አልኳት። ይህንንም ጻፈች። ከዚያ ቀና አለችና ስለ ፀጉሩ አከፋፈል ጠየቀችኝ። በኩራት ነገርኳት፤ የመስታወቱን ጉዳይ፣ የተገለበጠውን ትውልድ።

"እሱ ገብቶኛል። ግን የሚስሉት ሰው ፊትዎ ተቀምጦ እያለ ለምን በመስታወት አዩት?"

ምላጩ ቆመ። ስንት ዓመት ስተርከው ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ፊት ለፊት ሳያቸው ዓይኔን መቋቋም አቅቷቸው ይዞራሉ፣ አንድ ቦክሰኛ እንዲያውም ራሱን ስቷል አልኳት። አልሳቀችም። ቦክሰኛው የቱ ነው አለችኝ። አምስት ቁጥር አልኩ። አምስት ቁጥር ጢም ያላወጣ ልጅ ነው። ምራቄን ልውጥ ብል ጉሮሮዬ ላይ ስለት አለ። ልነሣ ብል ወንበሩን የሚያቃናው ፔዳል ከጋሼ እግር ሥር ነው። ከአንገቴ በታች የታሰረ እቃ ነበርኩ፤ የሚንቀሳቀሰው አፌ ብቻ ነው፣ እሱም ወደባሰ ቦታ እየወሰደኝ።

በዚህ መሐል ከቦርሳዋ እርሳስና ንጹሕ ወረቀት አወጣች። ከስሜ ጎን ሰዓሊው አሁን የሳለውን አንድ ትንሽ ራስ ልትሰቅል አስባለች፤ ሁለት ሦስት መስመር ይበቃል፣ የጋሼን ራስ ይሳሉልኝ አለች። ከዓለም ራሶች ሁሉ ቀላሉን ማለት ነው፤ እንቁላል የሳለ ይስለዋል። እጄ ታስሯል አልኳት። ጋሼ ጨርቁን ገለጥ አደረገና ቀኝ እጄን አውጥቶ የወንበሩ መደገፊያ ላይ አስቀመጠልኝ። ማሽኑ አንጓዬን ጎድቶታል አልኩ። ሻካራም ቢሆን ግድ የለም አለች። ብርሃኑ ከግራ መምጣት አለበት አልኩ። በሩን ከፈተችው፤ መንገዱ ሁሉ ገባ፣ የሚያልፈውም ሰው ቆም እያለ ማየት ጀመረ። መፈናፈኛ የሚባለው ነገር ከዚያች ክፍል ጥሎኝ ወጣ።

እርሳሱን ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩ። አንድ መስመር ጎተትኩ። ለመስመርነቱ ምንም አይወጣለትም፤ እንደሱ ያለ ቀጥ ያለ መስመር በዘመኔ አላየሁም። ቀጥሎ ወዴት መሄድ እንዳለበት ግን አያውቅም ነበር፤ እዚያው ቆመ። እኔም አብሬው። ሴትዮዋ ወረቀቱን አየች፣ ጋሼን አየች።

ጋሼ ምላጩን በፎጣው ጠረገ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ በር ላይ የቆሙት እንኳ አልሰሙትም።

"ልጄ፣ እሱ አልሳለውም። የሳለችው እህቱ ናት። አባታቸው ሴት ልጁ ወንዶች ፀጉር ቤት ተቀምጣ ብትታይ ቤት አያስገባትም ነበር። ወንድሜን ላመጣ ብላ ትወጣና እዚያ፣ ከኋላ መጋረጃው ሥር ትቆማለች። ከዚያ ሆኖ የሚታየው መስታወቱ ብቻ ነው። እሱ ወንበሩ ላይ ይቀመጥላታል። ደህና ልጅ ነበር፣ እግሩ ደንዝዞ እንኳ ይቀመጥላት ነበር።"

ሴትዮዋ እህቴ በሕይወት አለች ወይ ብላ ጠየቀች። ጋሼ እኔ ቤት ውስጥ እንደምትኖር ነገራት። ሴትዮዋ እስካሁን የጻፈችውን ገጽ ገለበጠችና በአዲሱ ገጽ ላይ ብዕሯን አዘጋጅታ ታዲያ ስማቸው ማን ልበል አለችው።

ጋሼ ፔዳሉን ረገጠና ወንበሩን አቃናው፤ ግማሽ ፊቴ የተላጨ፣ ግማሽ ፊቴ አረፋ ሆኜ መስታወቱ ውስጥ ቁጭ አልኩ። ትከሻዬ ላይ እጁን አሳረፈ።

"ስሟን አንተ ንገራት" አለኝ።