ጥርስ የጋረደው

«ምንም የለም» ይላል የምርመራ ውጤቱ ወረቀት። የአንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ልጅ ሁለት ጊዜ አነበበችውና በምርመራ ክፍላችን መስኮት በኩል ወደ እኔ ጎንበስ አለች። «እህቴ፣ አባቴ ውሃ እንኳ የሚውጠው በመከራ ነው። ምንም የሌለበት ሰው እንዲህ ይሆናል?»

 አባቷን በሲቲ ስካን ያነሳኋቸው እኔ ነኝ።

የሽማግሌው መንጋጋ ጥርሶች በብረት የተሞሉ ናቸው። ብረት ምስሉ ላይ ነጭና ጥቁር ሰረዝ እየረጨ ምላሱንም ጉሮሮውንም ይጋርዳል። እኛ ክፍል ሰረዙን በኮምፒውተር እናጠፋና የተስተካከለውን ብቻ ምስሉን ለሚያነበው ሐኪም እንልካለን። ያልተነካውን ዋና ምስል «ቆሻሻው» ነው የምንለው።

ቆሻሻውን ከፈትኩት። ከምላሱ ሥር፣ በሁለት ሰረዞች መካከል፣ ባቄላ የምታህል ጥላ አለች። በተስተካከለው ላይ የለችም፤ ኮምፒውተሩ ከሰረዙ ጋር ጠርጎ ቦታዋን በግምት ሞልቶታል።

ውጤቱን የፈረመው የክፍላችን ኃላፊ ነው። ጽዱ ምስል ስለሚወድ በሌለበት «ሳሙና» እንለዋለን። አሳየሁት።

«የብረቱ ጥላ ነው» አለ።

«ሊሆን ይችላል። ግን ካጠፋነው በኋላ በምን እናውቃለን?»

«ከመቼ ወዲህ ነው ፎቶ አንሺ ሐኪም የሆነችው?»

ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ባልደረቦቼ ሳቁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንገቴን ደፍቼ እወጣ ነበር። ያን ዕለት ግን ደሜ ፈላ።

«ፎቶ አንሺማ ነኝ! እኔ ያነሳሁትን እርስዎ መቼ አዩት? ያዩት ታጥቦ የመጣውን ነው። ሰውየው መዋጥ አቅቷቸዋል፤ እኛ ምስሉ አማረልን ብለን ወደ ቤት እንሸኛቸዋለን!»

ሳቁ ቆመ። ሳሙና የድጋሚ ምርመራ ማዘዣውን በቁጣ ፈርሞ ወረወረልኝ።

«አባባ፣ አገጭዎን ቀና፣ አፍዎን በሰፊው» አልኳቸው ሽማግሌው ማሽኑ ላይ እንደገና ሲተኙ።

«ጥርስ ነቃይ ዘንድ የመጣሁ መሰለኝ እኮ» አሉና ከፈቱ።

ጥርሶቹ ከፍ ሲሉ ሰረዞቹም አብረው ሸሹ። ጥላዋ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም፤ የብረቱ ብትሆን አብራ በሸሸች ነበር።

ሳሙና ከኋላዬ ቆሞ ረጅም ጊዜ አየ። «ከቦታው ናሙና ይወሰድ» አለ በመጨረሻ። ቀጥሎም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «የበፊቱን ውጤት አጥፊው።»

«አላጠፋም» አልኩት። «ከአዲሱ ጎን ይቀመጥ።»

ሽማግሌው ኮሌታቸውን እየቆለፉ ነበር። «አገኛችሁ እንዴ?»

«የሆነ ነገር አለ፣ አባባ። ምንነቱ በናሙና ይለያል። በመጀመሪያው ምስልም ነበረ፤ ያጠፋነው እኛ ነን።»