ምስክር የቆመበት አውድማ

ከኮረብታው ተቆፍሮ የሚደፋው አፈር ሦስተኛውን የወይራ ዛፏን እስከ ወገቡ ሲቀብረው ካርሞሲና ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ወደ ቁፋሮው ወጣች። መተዳደሪያዋ አራት ዛፍ ነው። ኮረብታውን ለባቡር ሐዲድ የሚሰነጥቁት የደቡብ ጣሊያን፣ የካላብሪያ ቆፋሪዎች ፊቷን አይተው መንገድ ለቀቁላት።

«አፈሩ ከእርሻዬ ግንብ አያልፍም ብለኸኝ ነበር!» አለችው መሐንዲሱን ፓንዞን።

«ስሌቱ እንደዚያ ነው። በሁለቱ ጫፍና በመሃል የቁፋሮውን አፍ ስፋት፣ ወርዱን በከፍታው፣ አሰላሁ፣ አማካዩን በርዝመቱ አባዛሁ። የሚወጣው አፈር የሚደፋበትን ገደል ሞልቶ ከግንብሽ በታች ይቀራል።»

«ታዲያ ዛፌን የቀበረው ምንድን ነው? ስሌትህ ነው?»

ቆፋሪዎቹ ሳቁ። ፓንዞ ፊቱ ቀላ። በቁፋሮው መሃል ብቻውን ወደቆመው የአፈር ዓምድ ጠቆመ። ቆፋሪ ሁሉ እንዲህ ያለ ዓምድ ሳይነካ ይተዋል፤ መሬቱ ቀድሞ ምን ያህል ከፍ ይል እንደነበር ይመሰክራል። ስሙም ምስክር ነው።

«የመሃሉን ከፍታ የወሰድኩት ከእሱ ነው። ስሌቱ አፈሩ ይበዛል ቢል ኖሮ ሌላ መድፊያ ቦታ እንጠይቅ ነበር። ምስክሩ ቆሞ ሳለ ግን ቁጥር አይለወጥም። ደንብ ነው።»

ካርሞሲና ቀና አለች። የዓምዱ አናት ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። የአውድማዋ ድንጋይ ነው፤ ሟች ባሏ ኮረብታውን ጎድጎድ አድርጎ ያነጠፈው። ግራና ቀኙ ያለው መሬት ከአውድማው ከሰው ቁመት በላይ ከፍ ይል ነበር፤ ዓምዱ የኮረብታውን ከፍታ አሳንሶ መስክሯል።

የቆፋሪዎቹ አለቃ ወደሆነው ዋርሳዋ ወደ ኒኮዴሞ ዞረች።

«ጎድጓዳ ላይ ምስክር ታቆማለህ? አንተ ውሻ!»

«አውድማዬን መጨረሻ ላይ ንኩት ብለሽ ያለቀስሽብኝ አንቺ አይደለሽ? ካልተነካ አይቀር ምስክር ይሁን አልኩ።»

ንዴቷ ማረፊያ አጣ። ከታች ጋሪ ተገለበጠ። አፈሩ ወደ አራተኛው ዛፍ ተንደረደረ።

«ይሄ ከወደቀ በምን ትለካለህ?» አለችው ፓንዞን።

«ካልተቆፈረው ዳርና ዳር። ግን ማንም አይ...»

የኒኮዴሞን ዶማ ነጠቀች።

«ኧረ ያዟት! ምስክር ነው!» ሲል ፓንዞ ጮኸ።

«የኔ ነው! ያቆምኩትም እኔ ነኝ!»

ማንም አልያዛትም። ድንጋዩ ወርዶ እግሯ ሥር ለሁለት ተሰበረ። አላየችውም። ሟቹንም፣ ዋርሳዋንም፣ ፓንዞንም፣ ራሷንም እየተሳደበች ዓምዱ አፈር እስኪሆን መታችው። ከዚያ ዶማውን መሐንዲሱ ፊት ወረወረች።

«ለካ! ጋሪውንም አስቁም!»

ፓንዞ ዳርና ዳሩን ቀና ብሎ አየ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። ቀስ ብሎም ሜትር ጠየቀ።

ጋሪዎቹ ቆሙ። ካርሞሲና ወርዳ ዛፏን የቀበረውን አፈር በእጇ ትጭር ጀመር። ኒኮዴሞ ሊያግዛት አካፋ ይዞ ሲመጣ በጓል አባረረችው።