ከጭኗ የተወሰደች ቁራጭ

በአንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ዕቃ አጣቢ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ገንዳው አጠገብ ቆሜ የሚያወሩትን ስሰማ፣ ትምህርት ቤት ያልደረስኩበትን ብዙ ነገር ቃርሜያለሁ።

ባለቤቴ ጡንቻ በሚያደክም በሽታ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆናት። በሕይወት ሳለች ለምርምር ብላ ከጭኗ ትንሽ ሥጋ ሰጥታ ነበር። ከዚያ ሥጋ ማቀዝቀዣው ውስጥ የቀሩት ሁለት ስስ ቁራጮች ብቻ ናቸው። ተመራማሪዋ፣ በሽታው አንዱን ፕሮቲን አጥፍቶት እንደሆነ ልታይባቸው ስትነሳ አንድ ነገር ለመንኳት፤ አንዴ በማይክሮስኮፑ እንዳያት።

ፕሮቲኑን የሚፈልገው አንቲቦዲ የሚሉት ነው። ከስንት ሺህ መካከል የራሱን አንዱን ብቻ ፈልጎ ይጣበቃል፤ የተጣበቀበት ቦታ አረንጓዴ ያበራል።

የመጀመሪያዋ ቁራጭ ጨለማ ሆነች።

"የለም ጋሼ፤ ፕሮቲኑ ጭራሽ አልነበራትም" አለችኝ ቀስ ብላ።

እኔ ግን አንቲቦዲው ያለበትን ብልቃጥ አውቀዋለሁ። ተማሪዎቹ በትንንሽ ቱቦ ሳይከፋፍሉት፣ በተጠቀሙ ቁጥር እያቀለጡ መልሰው ሲያቀዘቅዙት ነው የከረሙት።

"እንዲህ ሲያደርጉት ይሞታል ስትያቸው አልነበር? እስኪ በጤነኛ ሰው ሥጋ ሞክሪው።"

የአንቲቦዲ ጠብታ ለመቆጠብ ብላ የጤነኛውን ሙከራ ዘልላው ኖሯል። ሞከረችው። ያም ጨለማ። የሞተው አንቲቦዲው ኖሯል።

"ወንበሬን እርስዎ ሊወስዱብኝ ነው ጋሼ" ብላ ሳቀች። ወዲያው ሳቋን ዋጠችው። አንዷ ቁራጭ በከንቱ ሄዳለች።

አዲሱ አንቲቦዲ እስኪመጣ አምስት ሳምንት ፈጀ። በየጠዋቱ ማቀዝቀዣው በር ላይ ቆሜ፣ ጌታ ሆይ፣ መብራት አታጥፋብን እላለሁ። ከዚያ በላይ መጠየቅ አሳፈረኝ።

እንደመጣ በትንንሽ ቱቦ ከፋፈለችው። ጤነኛውን አስቀደመች፤ በራ። ከዚያ የባለቤቴን።

"ይምጡ ጋሼ። ግን ይህ አረንጓዴ ሲያዩት ይደበዝዛል። የሚያሳየን መብራት ራሱ ይበላዋል።"

ዐይኔን አስጠጋሁ። በየጡንቻው ክር ዙሪያ ቀጭን፣ የተበጣጠሰ አረንጓዴ መስመር። ትንሽ ነው፤ ግን አለ። ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ነበር። በየአራት ደረጃው ቆማ፣ "አንተ ቅደም፣ እደርስብሃለሁ" ትለኝ ነበር። ለካ በዚህችው ነበር የምትወጣው።

"ፎቶ አንስተሻል?"

"አንስቻለሁ።"

ልጠግባት አልቻልኩም። መስመሩ ግን መሳሳት ጀምሯል። እጄን ሰድጄ የማይክሮስኮፑን መብራት አጠፋሁት።

"ገና እኮ ነው ጋሼ።"

"ይቅር" አልኳት፤ "ትንሽ ይትረፋት።"